«ቮላታይል» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በቦታው ለመጠቀም

አንድ ወዳጄ የሥራ ማመልከቻ ደብዳቤውን «እስቲ ዓይንህን ጣል አድርግበት» ብሎ ላከልኝ። እንግሊዝኛው ደህና ነበር። ሦስተኛው መስመር ላይ ስደርስ ግን ሳቄ አመለጠኝ። «አይ አም ኤ ቮላታይል ወርከር» ይላል። ሊል የፈለገው «ሁኔታው ሲቀየር ራሴን ቶሎ የማስተካክል ሠራተኛ ነኝ» ነው። መዝገበ ቃላት ገልጦ «ተለዋዋጭ» የሚለውን ፈለገ፤ ያገኘውን አንሥቶ ለጠፈ። ለቀጣሪው ጆሮ ግን ነገሩ «መቼ ቱግ እንደምል አይታወቅም፣ ተጠንቀቁኝ» እንደማለት ነው።

ብዙም አልፈረድኩበት። ይሄ ቃል እኔንም ጉድ ሠርቶኛል፤ ወደ ኋላ አወራችኋለሁ። ችግሩ ቃሉ የሌለበት ቦታ አለመኖሩ ነው። ዜና ላይ አለ፣ ኬሚስትሪ ክፍል አለ፣ የአክሲዮን ገበያ ትንታኔ ውስጥ አለ፣ ኮምፒውተር የሚማር ሰውም ያገኘዋል። በየሄደበት መልኩን ይቀያይራል። በአማርኛ ሁሉንም «ተለዋዋጭ» ብሎ መገላገል የሚቻል ይመስላል። ግን «ተለዋዋጭ» ከቃሉ ግማሹን ብቻ ነው የሚይዘው። ቀሪውን ግማሽ ለማግኘት እኔ የምሄድበትን መንገድ እነሆ።

መጀመሪያ፣ ክንፉን እዩ

ቃሉ የመጣው ከላቲን ነው። «ቮላሬ» ማለት መብረር ነው። ከእሱ «ቮላቲሊስ» መጣ፤ የሚበር፣ ክንፍ ያለው ማለት ነው። ቃሉ በፈረንሳይኛ በኩል ወደ እንግሊዝኛ ሲገባ መጀመሪያ ቅጽል እንኳ አልነበረም። በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝኛ ስም ሆኖ የሚበሩ ፍጥረታትን፣ ወፎችን ይጠራ ነበር። ከዚያ ትርጉሙ በትነት ወደሚጠፉ ነገሮች ተሻገረ። ቀጥሎ የሰው ጠባይ ላይ አረፈ። ፖለቲካና ገበያ ላይ የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው።

ይህን ታሪክ የማነሣው ለጌጥ አይደለም። አማርኛም እዚያው መንገድ ላይ ስለሄደ ነው። «ብን ብሎ ጠፋ» እንላለን። ገንዘብ ብን ይላል፣ አልኮል ብን ይላል። አሁን ነበረ፣ አሁን የለም። በዚህ «ብን» ውስጥ መብረርም አለ፣ መትነንም አለ፣ ድንገተኛነትም አለ። «ቮላታይል»ን ስታዩ በአእምሯችሁ «ተለዋዋጭ»ን ሳይሆን «ብን የሚል»ን አስቀምጡ። ግማሹን መንገድ ሄዳችኋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ሰው ቃሉን ከ«ቮልካኖ» ጋር ያዛምደዋል፤ ሁለቱም ይፈነዳሉ ብሎ። ዝምድና የላቸውም። «ቮልካኖ» የመጣው ከሮማውያን የእሳት አምላክ ከቩልካን ስም ነው። እውነተኛው የሥጋ ዘመድ የመረብ ኳሱ «ቮሊቦል» ነው። «ቮሊ» የተገኘው ከዚያው ከመብረሩ ግንድ ነው።

አነባበቡን ቶሎ እንለፈው

እንግሊዞች «ቮለታይል» ይላሉ፤ መጨረሻው ላይ «ታይል» በደንብ ይሰማል። አሜሪካኖች «ቫለትል» ብለው ይውጡታል። «ሆስታይል» እና «ፈርታይል» በሚሉት ቃላት ላይም የሚያደርጉት ይሄንኑ ነው። ሁለቱም ልክ ነው፤ አንዱን ይዛችሁ አትቀላቅሉ። ድምፁ የሚጫነው መጀመሪያው ላይ ነው። ስሙ ግን «ቮላቲሊቲ» ነው፤ እዚህ ጫናው ወደ መጀመሪያው «ቲ» ይሸሻል። የመጀመሪያውን ፊደል በ«ብ» አትጥሩት፤ በ«ቭ» ነው።

ከዚያ ሁለት ጥያቄ ጠይቁ

አንድ ነገር ቮላታይል ለመባል መለወጡ አይበቃም። ወቅቶች ይለወጣሉ። ሕፃን ያድጋል። ጨረቃ ትጎድላለች፣ ትሞላለች። አንዳቸውም ቮላታይል አይደሉም።

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ ለውጡ በድንገት ነው ወይ? ሁለተኛው፦ መቼና ወዴት እንደሚዞር አስቀድሞ ማወቅ ይከብዳል ወይ? ለሁለቱም «አዎ» ከሆነ ቃሉ ቤቱን አግኝቷል። ብዙ ጊዜ ደግሞ አንድ ሦስተኛ ነገር ከበስተጀርባ ይኖራል፤ ከተለወጠ ወደ ክፉ ሊለወጥ ይችላል የሚል ስጋት። በደግ ድንገት ብቻ የምትታወቅን ሴት ማንም ቮላታይል አይላትም። ሁሌ ስጦታ ይዛ ከተፍ የምትል አክስት ድንገተኛ ናት፣ ትገርማለች፣ ቮላታይል ግን አይደለችም።

ስጋቱ ሁሌ የለም፤ ኮምፒውተር ላይ ስንደርስ ይጠፋል። ስለ ሰውና ስለ ሁኔታ ስታወሩ ግን አለ ብላችሁ ተነሡ።

አሁን ዋናው ሥራ፦ ቮላታይል የተባለው ማን ነው?

ስትተረጉሙም ሆነ ስትጽፉ ቅጽሉን ትታችሁ መጀመሪያ ባለቤቱን ፈልጉ። ፈሳሽ ነው? ሰው ነው? ገበያ ነው? ትክክለኛውን የአማርኛ ቃል የሚነግራችሁ እሱ ነው።

ከፈሳሽ እንጀምር፤ እጃችሁ ላይ ልታዩት ትችላላችሁ። በአንደኛው እጃችሁ ጀርባ ላይ አንድ ጠብታ የእጅ ማጽጃ አልኮል አኑሩ። በሌላው አንድ ጠብታ ውኃ። አትሹት፤ ዝም ብላችሁ እዩት። አልኮሉ ያለበት ቆዳ ወዲያው ይቀዘቅዛል። ጠብታው ጠርዙን ይሰበስባል፣ ይሳሳል፣ ከዚያ የለም። ውኃው ገና እዚያው ተጎልቷል። አልኮሉ ሲተን ከቆዳችሁ ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ ነው የቀዘቀዛችሁ። ኬሚስቶች ይህንን አልኮል ከውኃ ይልቅ ቮላታይል ነው ይሉታል። ኢታኖል በ78 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይፈላል፣ ውኃ በ100። የጥፍር ቀለም የሚያስለቅቀው አሴቶን ደግሞ በ56 ገደማ። ከእነዚህ ውስጥ ቀድሞ የሚፈላው፣ ሳይፈላም ቀድሞ ብን ይላል። እዚህ አማርኛው «ተናኝ» ነው፤ ወይም በግልጽ «በቀላሉ የሚተን»።

የእኔ ጉድ የተፈጠረው እዚህ ላይ ነው። ስለ መዓዛማ ተክሎች የሚያወራ ጽሑፍ ስተረጉም «ቮላታይል ኦይል» የሚል አጋጠመኝ። ሳላመነታ «ተለዋዋጭ ዘይት» ብዬ ጻፍኩ። አራሚዋ በቀይ አክብባ ጎኑ ላይ አንድ ጥያቄ ጻፈች፤ «ወደ ምን ነው የሚለወጠው?» መልስ አልነበረኝም። ዘይቱ የትም አይለወጥም። ይተናል እንጂ። ለዚህ ነው መዓዛው ከአበባው ተነሥቶ አፍንጫችን የሚደርሰው። ልዩነቱን ማየት ከፈለጋችሁ ነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ የባሕር ዛፍ ዘይት፣ ጎኑ ደግሞ አንድ ጠብታ የምግብ ዘይት አድርጉና ጠብቁ። የምግብ ዘይቱ ያንን የምታውቁትን ብርሃን የሚያስተላልፍ የቅባት ነጠብጣብ ትቶ ይቀራል። የባሕር ዛፉ፣ ንጹሕ ከሆነ፣ ምልክቱ ይጠፋል ማለት ይቻላል። በረረ።

እዚሁ ሳለን አንድ የተለመደ ስሕተት ላርም። ቮላታይል ማለት ተቀጣጣይ ማለት አይደለም። ቤንዚን ሁለቱንም ስለሆነ ነው የምንደናገረው። ክሎሮፎርም በ61 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ በጣም ተናኝ ነው፤ ግን እንደ ቤንዚን እሳት አይይዝም። የምግብ ዘይት በተቃራኒው በጣም ከጋለ ይነዳል፤ ተናኝ ግን አይደለም። የቀለም ቆርቆሮ ላይ «ቪኦሲ» የሚል ጽሑፍ አይታችሁ ከሆነም «ቪ»ዋ ይህችው ቃል ናት። አዲስ የተቀባ ክፍል ውስጥ አፍንጫችሁን የሚመታው ሽታ በአብዛኛው የእነዚህ ተናኝ ውሕዶች ሥራ ነው።

ወደ ሰው እንሂድ። «ሂ ሃዝ ኤ ቮላታይል ቴምፐር» ሲባል ሰውየው ቱግ ባይ ነው፣ ግልፍተኛ ነው። እዚህ ላይ ግን ልብ በሉ። ሁልጊዜ የሚቆጣ አለቃ ቮላታይል አይደለም። ቁጡ ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ፊቱ አይፈታም፤ ቢያንስ ታውቁታላችሁ፣ ተዘጋጅታችሁ ትገባላችሁ። ቮላታይል የሚባለው ያኛው ነው። ጠዋት ትከሻችሁን መታ መታ አድርጎ ቀልድ ይነግራችኋል። ከሰዓት በኋላ በአንዲት የፊደል ግድፈት ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ይወረውራል። አሥር ደቂቃ ሳይቆይ ደግሞ «ቡና እንጠጣ እንዴ?» ይላል። የሚያደክመው ቁጣው ብቻ አይደለም፤ በየትኛው ሰዓት የትኛውን ሰውዬ እንደምታገኙ አለማወቃችሁ ነው።

ስለዚህ ለሰው ሲሆን «ግልፍተኛ» አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። «ቱግ ባይ» ለወግ ይጣፍጣል። «ስሜቱ የማይጨበጥ» ቁጣ ብቻ ሳይሆን ደስታም ኀዘንም ሲፈራረቅበት ጥሩ ነው። «ቮላታይል ሪሌሽንሺፕ» የሚሉት ደግሞ ዛሬ ሰሐን ተሰባብሮ ነገ ፍቅር በፍቅር የሚሆንበትን ትዳር ነው። ቃሉ ከባድ መሆኑን ግን አትርሱ። ስለ ባልደረባችሁ በእንግሊዝኛ ምስክርነት ስትጽፉ ይህን ቃል ካሰፈራችሁ ሰውየውን ለመጉዳት እንደጻፋችሁ ይቆጠራል።

ሁኔታ ላይ ሲሆን ዜና አንባቢዎች የሚወዱት አንድ ሐረግ አለ፤ «ዘ ሲቹዌሽን ሪሜይንስ ቮላታይል»። ይህንን «ሁኔታው ተለዋዋጭ እንደሆነ ነው» ብሎ መተርጎም ቃሉን ገድሎ መቅበር ነው። አማርኛ ለዚህ የሚያምር ነገር አለው፤ «ሁኔታው በቋፍ ላይ ነው»። በቋፍ ያለ ነገር ገና አልወደቀም። ጸጥ ያለም ሊመስል ይችላል። ጫፍ ላይ ግን ነው፤ ትንሽ ንፋስ ይበቃዋል። «ቮላታይል» የሚለውም ይህንኑ ነው። ስለዚህ ተኩሱ ከተጀመረ፣ ድንጋዩ ከተወረወረ በኋላ ያንኑ ግጭት ቮላታይል ብሎ መጥራት ቃሉን ያሳንሰዋል፤ እንግሊዝኛው ያኔ ወደ «ቫዮለንት» ይሻገራል። አንዳንዴ «ያልተረጋጋ» ብሎ መጻፍም ያስኬዳል። ለኦፊሴላዊ ደብዳቤ እኔም «ያልተረጋጋ» ነው የምለው፤ ለጋዜጣ ዓምድ «በቋፍ ላይ»።

ገበያ ላይ ትንሽ እንቆይ

ብዙ አንባቢ ቃሉን የሚያገኘው እዚህ ነው፤ በብዛት የሚበላሸውም እዚሁ። ሰዎች «ገበያው ቮላታይል ሆኗል» ሲባል «ዋጋ ወረደ» ብለው ይረዱታል። አይደለም። ቮላቲሊቲ ስለ አቅጣጫ አያወራም፤ ስለ መወዛወዝ ነው የሚያወራው።

ሁለት አክሲዮኖችን አስቡ። ሁለቱም ሰኞ 100 ላይ ተነሡ። የመጀመሪያው በተከታዮቹ ቀናት 102፣ 101፣ 103፣ 105 ሆነ። ሁለተኛው 118፣ 91፣ 122፣ 105። ዓርብ ማታ ሁለቱም 105 ላይ ናቸው። ትርፋቸው አንድ ነው። የመጀመሪያውን የያዘ ሰው ግን ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፉን ተኝቷል። ሁለተኛውን የያዘው አንድ ቀን 18 በመቶ አትርፏል፣ በማግሥቱ 23 በመቶ ገደማ ከስሯል፣ ቀጥሎ 34 በመቶ ገደማ ወጥቶለታል፣ ዓርብ ደግሞ 14 በመቶ ገደማ አጥቷል። ቮላታይል የሚባለው ይሄኛው ነው።

የበለጠ የሚገርመው ተቃራኒው ነው። በየቀኑ ሳይዛነፍ ልክ 1 በመቶ የሚወርድ አክሲዮን ቢኖር፣ በተለመደው የባለሙያዎች ስሌት ቮላቲሊቲው ዜሮ ነው። ገንዘባችሁን እየበላ ነው፤ ግን ቮላታይል አይደለም። ምክንያቱም ስሌቱ የሚለካው የየቀኑ ለውጥ ከራሱ አማካይ ምን ያህል እንደሚርቅ ነው። እዚህ ሁሉም ቀን አንድ ነው፤ የሚርቅ ነገር የለም። በነገራችን ላይ የየቀኑን ልክ ወደ ዓመት ለመለወጥ በ252 ካሬ ሥር ያባዙታል፤ 252 በዓመት ውስጥ ገበያ ክፍት የሚሆንባቸው ቀናት ግምት ነው። በቀን 1 በመቶ የሚወዛወዝ ነገር በዓመት 16 በመቶ ገደማ ይሆናል።

ለዚህ መወዛወዝ በስሙ የተሠራ መለኪያም አለ። የቺካጎው የኦፕሽን ገበያ (ወደፊት በተወሰነ ዋጋ የመግዛት ወይም የመሸጥ መብት የሚሸጥበት) እ.ኤ.አ. በ1993 «ቪክስ» የሚባለውን የቮላቲሊቲ ጠቋሚ አስተዋወቀ። ጋዜጠኞች «የፍርሃት መለኪያ» ይሉታል። በኮሮና ወረርሽኝ መጀመሪያ፣ እ.ኤ.አ. መጋቢት 16 ቀን 2020፣ 82.69 ላይ ዘጋ። በሰላሙ ጊዜ ከ20 በታች መዋል የሚችል ቁጥር ነው። በዚያው ዓመት ሚያዝያ 20 ቀን የአሜሪካ ድፍድፍ ነዳጅ የግንቦት ውል (በግንቦት ለመረከብ አስቀድሞ የሚገበያዩበት) ከዜሮ በታች ወርዶ በበርሜል 37.63 ዶላር ኔጌቲቭ ላይ ዘጋ። ሻጩ ነዳጁን የሚወስድለት ሰው ፍለጋ ገንዘብ ይከፍል ነበር ማለት ነው። በዚያ ሰሞን የወጡ የእንግሊዝኛ ዜናዎችን ፈልጋችሁ አንብቡ፤ «ቮላታይል» እና «ቮላቲሊቲ» በየአንቀጹ ተዘርተዋል። ቃሉን ለመለማመድ ከዚያ የተሻለ ማሳ አላውቅም።

በአማርኛ ለገበያ «ዋዠቀ» የሚለው ግሥ ልክክ ይላል። «የዋጋ መዋዠቅ»፣ «የሚዋዥቅ ገበያ»። የሚዋዥቅ ነገር ወደ ላይም ወደ ታችም ይሄዳል። እዚህ «ተለዋዋጭ» ብትሉም ማንም አይቆጣችሁም፤ «የሚዋዥቅ» ግን ሥዕሉን ያመጣል።

ኮምፒውተር ላይ ስጋቱ ይጠፋል

ሁለት ገጽ ጽፋችሁ ሳታስቀምጡ መብራት ሄደ። ጽሑፉ ብን አለ። ያ ጽሑፍ የነበረው ራም ላይ ነው፤ ራም ደግሞ ቮላታይል ሜሞሪ ነው። ኃይል ሲቋረጥ የያዘውን ይለቅቃል። ሃርድ ዲስክና ፍላሽ «ኖንቮላታይል» ናቸው፤ ነቅላችሁ ኪሳችሁ ብትከቱትም ፋይሉ አለ። እዚህ ቃሉ ጠባይም አደጋም አይገልጽም። ደረቅ የሙያ ቃል ነው። በአማርኛ ማብራራት ካለባችሁ «ኃይል ሲቋረጥ የሚጠፋ ማኅደረ ትውስታ» በሉና እለፉ።

ፕሮግራም የምትጽፉ ደግሞ በሌላ መልኩ ታገኙታላችሁ። በሲ ቋንቋ አንድን ተለዋዋጭ (ቫሪያብል) «ቮላታይል» ብላችሁ ስታውጁ ለኮምፓይለሩ (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ ለሚተረጉመው ፕሮግራም) የምትነግሩት «ይህ ዋጋ አንተ ሳታይ ሊቀየር ይችላል፤ የቀድሞውን አስታውሰህ አትለፈው፣ በተጠራ ቁጥር ሄደህ አንብብ» የሚል ነው። ቃሉ በ1989ኙ የአሜሪካ የሲ ደረጃ ውስጥ አለ። ጃቫም ይጠቀምበታል፤ ሥራው ግን ለየት ይላል፤ አንዱ ትሬድ (በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን የሚሄድ የሥራ መስመር) የጻፈውን ሌላው እንዲያይ ያደርጋል። እዚህ ብዙ ጀማሪ የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ፦ ጃቫ ውስጥ ቆጣሪን ቮላታይል ማድረግ ብቻውን በአንድ ላይ መደመርን አስተማማኝ አያደርገውም። ማንበብ፣ መደመርና መጻፍ ሦስት እርምጃ ነው፤ መሐል ሌላው ትሬድ ሊገባ ይችላል። (አዎ፣ «ቫሪያብል»ን አማርኛ «ተለዋዋጭ» ማለቱ ነገሩን ሁሉ እንዴት እንዳወሳሰበው አያለሁ። «ቮላታይል ቫሪያብል»ን «ተለዋዋጭ ተለዋዋጭ» ብሎ የሚተረጉም ካለ ልገናኘው እፈልጋለሁ።)

ከጎረቤቶቹ ለዩት

ስሕተት የሚበዛው ቃሉን ባለማወቅ ሳይሆን ከጎረቤቱ ጋር በማምታታት ነው።

«ቼንጀብል» ለአየር ጠባይ ነው። እንግሊዞች ፀሐይና ዝናብ በየሰዓቱ ሲፈራረቅ ይህንን ይላሉ። ለስለስ ያለ ቃል ነው፤ አያስፈራም። «ቫሪያብል» ከዚያም የቀዘቀዘ ነው፤ ልኩ አንድ ዓይነት አይደለም ለማለት ብቻ ይበቃል። «አንስቴብል» ከ«ቮላታይል» ጋር ብዙ ጊዜ ይለዋወጣል፤ ግን ስለ መሠረት ነው የሚያወራው። ዘንበል ያለ ጠረጴዛ አንስቴብል ነው፤ ቮላታይል ሊሆን አይችልም። ጠረጴዛ ቱግ አይልም።

«ፊክል» አማርኛ ውስጥ ትክክለኛ መንትያ አለው፤ ወረተኛ። ታማኝነቱ የማይዘልቅ፣ ዛሬ ያነገሠውን ነገ የሚረሳ። ቃሉ ከጥንታዊ እንግሊዝኛ «አታላይ» ከሚል ግንድ ስለመጣ ትንሽ ወቀሳ ይሸታል። ወረተኛ ሰው አይፈነዳም፤ ጥሎ ይሄዳል። «መርኩሪያል» የስሜት መገለባበጥ ነው፣ ከሜርኩሪ፤ ግን አድናቆትም ሊኖርበት ይችላል። ፈጣን፣ ብሩህ፣ የማይጨበጥ ሰዓሊን መርኩሪያል ብትሉት ላይከፋው ይችላል። ቮላታይል ብትሉት ይከፋዋል፤ ምናልባት ያንኑ ያረጋግጥላችኋል። «ኢራቲክ» ሥርዓት የሌለው እንቅስቃሴ ነው፤ መስመር እየለቀቀ የሚነዳ ሹፌር።

«ቨርሰታይል» ለወዳጄ ደብዳቤ መጀመሪያ የታሰበኝ ቃል ነው። ጆሮ ላይ ከ«ቮላታይል» ጋር ይመሳሰላል፤ ትርጉሙ ግን ሙገሳ ነው። ብዙ ዓይነት ሥራ የሚችል፣ ሁለገብ ማለት ነው። ፈረንሳይኛ የምትችሉ ደግሞ ተጠንቀቁ። ፈረንሳዮች ያንኑ ቃል ሐሳቡን ለሚቀያይር ሰው ነው የሚሉት፤ ስድብ ቢጤ ነው።

ዐረፍተ ነገር ውስጥ ስታስገቡት

ሰዋስዉ አያስቸግርም። ከስም በፊት ይመጣል፣ ወይም «ኢዝ»፣ «ቢካም»፣ «ሪሜይን» ከሚሉት በኋላ። ሲነጻጸር «ሞር ቮላታይል»፣ «ሞስት ቮላታይል» ይሆናል፤ መጨረሻው ላይ «ኧር» አትለጥፉበት። አጋዥ ቃላት ይወዳል። «ሃይሊ ቮላታይል» በጣም የተለመደው ነው፤ ነገሩ እየባሰ ከሆነ «ኢንክሪሲንግሊ ቮላታይል»፤ ጉዳዩ የፖለቲካ ከሆነ «ፖለቲካሊ ቮላታይል»። ወደ ተውሳከ ግሥ ለመለወጥ አትታገሉ። መዝገበ ቃላት ውስጥ ብታገኙት እንኳ ሰው አይለውም። ዐረፍተ ነገሩን ገልብጡና «ቮላቲሊቲ»ን ተጠቀሙ።

ስምም ሆኖ ይመጣል። ስለ ጅራታም ኮከቦች የሚያወራ ጽሑፍ ውስጥ «ቮላታይልስ» ካያችሁ እንደ ውኃ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና አሞኒያ ያሉ በቀላሉ የሚተኑ ነገሮችን ማለቱ ነው። ተቃራኒውም እንደ ባለቤቱ ነው፦ ለገበያና ለሁኔታ «ስቴብል»፣ ለሜሞሪና ለኬሚካል «ኖንቮላታይል»፣ ለሰው «ካልም»።

እጃችሁን ሞክሩ

ከታች ያሉትን በእንግሊዝኛ ልትጽፉ ነው እንበል። መልሱን ከማንበባችሁ በፊት ለራሳችሁ ወስኑ።

የስብሰባው ሰዓት ሊቀየር ይችላል። እዚህ «ቮላታይል» አይገባም። ስብሰባ በቋፍ ላይ አይሆንም፣ ይቀየራል እንጂ። «ሰብጀክት ቱ ቼንጅ» በሉት።

ሁለት አገሮች ድንበር ላይ ጦር አፋጠዋል፣ ገና አልተታኮሱም። ይግባ። ለዚህ ነው የተሠራው።

ቅጠሎቹ በየዓመቱ በዚሁ ወቅት ቀለማቸውን ይቀይራሉ። አይገባም። በየዓመቱ እንደሚሆን ማንም ያውቃል።

ሽቶ ስትቀቡ መጀመሪያ የሚሸታችሁና ቶሎ የሚጠፋው ክፍል። ይግባ። ቀድሞ የሚሸተው ቀድሞ ስለሚተን ነው፤ ሽቶ ሠሪዎች የሚያቀናብሩት በዚሁ ነው።

ልጁ በየሳምንቱ አዲስ የቅርብ ጓደኛ ያመጣል፣ ያለፈውን ሳምንት ጓደኛ አያስታውስም። «ፊክል»።

ልጁ እየሳቀ ሲጫወት ቆይቶ ድንገት መጫወቻውን ግድግዳ ላይ ይወረውራል። ይግባ፤ ግን ለአስተማሪው በምትልኩት ደብዳቤ ላይ ሳይሆን ለራሳችሁ ማስታወሻ ላይ።

ሁኔታው ሲቀየር ራሱን ቶሎ የሚያስተካክል ሠራተኛ። ይህ የወዳጄ ነው። መጀመሪያ «ቨርሰታይል» አልኩት። ትንሽ ተነጋገርን። ለሰባት ዓመት አንድ ዓይነት ሥራ ብቻ ነው የሠራው፤ መሥሪያ ቤቱ ግን በነዚያ ዓመታት ሦስት ጊዜ አሠራሩን ቀይሯል፣ እሱም ሦስቴ ተከትሏል። ያ ሁለገብነት አይደለም። «አዳፕተብል» አለና ላከው።